ሃይስኩል ስትመርጡ ከ10 የተሰጠውን ነጥብ ትታችሁ ምን ማየት እንዳለባችሁ (ለዲኤምቪ ሀበሻ ወላጆች)

እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሀበሻ ቤት ሲፈልግ መጀመሪያ ኪራዩን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ "ትምህርት ቤቱስ እንዴት ነው?" ይላል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ዚሎው የሚባለው የቤት መፈለጊያ ሳይት ላይ ከቤቱ ፎቶ ስር የተቀመጠች ከ10 የተሰጠች አንድ ነጥብ ናት፣ 8 ከሆነች "አሪፍ ትምህርት ቤት ነው"፣ 3 ከሆነች "እዛማ ልጅ አይላክም"፣ በቃ አለቀ። በዚች ቁጥር ምክንያት አቅሙን የማይመጥን ኪራይ ገብቶ ሁለት ስራ እየሰራ ልጁን ከእሁድ እሁድ ብቻ የሚያገኝ ስንት ሰው አውቃለሁ። ሀሳቡ ትክክል ነው፣ ልጄ ጥሩ ቦታ ይማርልኝ ብሎ ነው፣ ግን ቁጥሩ እሱ ማወቅ የሚፈልገውን ነገር አይነግረውም።

በተለይ 8ኛ ወይ 9ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያላችሁ ይሄን አንብቡት፣ ትንሽ ይረዝማል ግን ስልካችሁን ይዛችሁ እየከፈታችሁ ብትከተሉ አንድ ማታ ይበቃዋል።

ነጥቡ ከየት ነው የሚመጣው

ያ ከ10 የተሰጠው ነጥብ የመንግስት አይደለም። ግሬትስኩልስ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው የሚያወጣው፣ የቤት ሳይቶቹ ከሱ ወስደው ይለጥፉታል። ድርጅቱም ጥሬ መረጃውን በዋናነት የሚያገኘው ከስቴት ስለሆነ እናንተም ቀጥታ ምንጩ ጋ መሄድ ትችላላችሁ። በ2015 የወጣው ኤቭሪ ስቱደንት ሰክሲድስ አክት የሚባለው የፌደራል ህግ እያንዳንዱ ስቴት ለእያንዳንዱ ፐብሊክ ትምህርት ቤት በየአመቱ ሪፖርት ካርድ እንዲያወጣ ያስገድዳል፣ ያውም በደፈናው አይደለም፣ ተማሪውን በዘር፣ በቤተሰብ ገቢ፣ በእንግሊዝኛ ችሎታ፣ በስፔሻል ኤድ ከፋፍሎ። ሜሪላንድ ያላችሁ ሜሪላንድ ሪፖርት ካርድ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ ስኩል ኳሊቲ ፕሮፋይልስ፣ ዲሲ ያላችሁ ዲሲ ስኩል ሪፖርት ካርድ ብላችሁ ጉግል አድርጉና የትምህርት ቤቱን ስም አስገቡ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ፣ የፈተና ውጤት ከቤተሰብ ገቢ ጋር እጅና ጓንት ሆኖ ነው የሚሄደው። ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም፣ በ1966 ጄምስ ኮልማን የሚባሉ ተመራማሪ ከመሩት ትልቅ የአሜሪካ መንግስት ጥናት ጀምሮ የታወቀ ነው። ቤተስዳ ወይ ማክሊን ያለ ትምህርት ቤት ነጥቡ ከፍ ያለ ሲሆን በአብዛኛው እየነገራችሁ ያለው የሰፈሩ ወላጆች የህግና የህክምና ሰዎች እንደሆኑ፣ ልጆቻቸውም ከህጻንነታቸው ቱተር እንዳላቸው ነው። አስተማሪው ጎበዝ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ውስጥም ልጅ አንስተው የሚያሳድጉ ድንቅ አስተማሪዎች አሉ።

የልጃችሁን ረድፍ ፈልጉ

ሪፖርት ካርዱ ሲከፈት ፊት ለፊት የሚመጣው የትምህርት ቤቱ ጠቅላላ ውጤት ነው፣ እለፉት። ተማሪው በቡድን የተከፋፈለበትን ቦታ ፈልጉ፣ እዛ ጋ ኤዥያን፣ ብላክ፣ ሂስፓኒክ፣ ኋይት፣ ከዛ ኢኮኖሚካሊ ዲስአድቫንቴጅድ (ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ ልጆች)፣ ኢንግሊሽ ለርነርስ (እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ)፣ ስቱደንትስ ዊዝ ዲስኤቢሊቲስ (የአካል ጉዳት ወይ የመማር ችግር ያለባቸው፣ ስፔሻል ኤድ የሚባሉት) እያለ ይወርዳል። የኔን ልጅ የመሰሉ ልጆች እዚህ ትምህርት ቤት ገብተው ምን ሆኑ፣ ይሄን ነው የምትፈልጉት፣ ሌላው ሁሉ ለናንተ ጌጥ ነው።

አንዲት እህት ልጇ 15 አመቱ ነው፣ ገና ከአገር ቤት መጥቶ እንግሊዝኛ እየለመደ ያለ ልጅ፣ ሁለት ትምህርት ቤት መሀል ተይዛ አብረን ቁጭ ብለን ከፈትን። አንደኛው ነጥቡ ከፍ ያለ፣ ኪራዩም እንደዛው፣ ሌላኛው ሁሉም ሰው "አይሆንም" ያላት። ከፍ ያለው ትምህርት ቤት ገጽ ላይ ወርደን ኢንግሊሽ ለርነርስ የሚለው ረድፍ ጋ ስንደርስ ቁጥር የለም፣ ኮከብ ምልክት ብቻ። ኮከቡ ወይም የ"ያንሳል" ምልክቱ (<) የሚመጣው በዛ ቡድን ውስጥ ያሉት ልጆች በጣም ጥቂት ሲሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በታች ሲሆኑ፣ የማን ውጤት እንደሆነ እንዳይታወቅ ስለሚደበቅ ነው። ማለትም እዛ ግቢ ውስጥ ልጇን የሚመስል ልጅ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ የኢሶል (እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ልጆች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት) አስተማሪው ምናልባት በሳምንት የተወሰነ ቀን ከሌላ ትምህርት ቤት የሚመጣ ይሆናል፣ አልጀብራውንም ባዮሎጂውንም ብቻውን ከአሜሪካኖቹ ጋር ተቀምጦ ነው የሚሰማው። "አይሆንም" የተባለው ጋ ስንገባ ግን ረድፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ነበሩበት፣ ደውላ ስትጠይቅ ደግሞ ለጀማሪ፣ ለመካከለኛና ለከፍተኛ የተለያየ የኢሶል ክፍል አላቸው፣ አማርኛ የሚናገር ሰራተኛም አለ። ይሄን ሁሉ ያቺ ከ10 የተሰጠች ነጥብ አትነግራችሁም።

ስለ ብላክ ረድፍ ደግሞ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የኛ ልጆች የሚቆጠሩት እሱ ውስጥ ነው። ግን እዛ ረድፍ ውስጥ አምና ከደሴ የመጣ ልጅ አለ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆሊ ክሮስ የተወለደ የኛ ልጅ አለ፣ የናይጄሪያ ዶክተር ልጅ አለ፣ ቤተሰቡ እዚህ አገር ለብዙ ትውልድ የኖረ ጥቁር አሜሪካዊ ልጅ አለ፣ ሁሉም በአንድ አማካይ ተጨፍልቀው አንድ ቁጥር ይወጣላቸዋል። በ2024 የፌደራል መንግስት የዘር መጠይቁን ሲያሻሽል ከብላክ ስር አፍሪካን አሜሪካን፣ ጃማይካን፣ ሄይሺያን፣ ናይጄሪያን፣ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊ የሚሉ ዝርዝር ሳጥኖች እንዲኖሩ ወስኗል። ይሄ ወርዶ የትምህርት ቤት ፎርም ላይ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፣ ፎርሙ እጃችሁ ሲገባ ግን ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ኢትዮጵያን የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ፣ ያልተቆጠረ ሰው በጀት አይያዝለትም። እስከዛው ዲስትሪክቱን (የአካባቢውን ፐብሊክ ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረውን መስሪያ ቤት) "አማርኛ በቤታቸው የሚናገሩ ተማሪዎች በዚህ ሃይስኩል ስንት ናቸው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ይሄ ቁጥር አላቸው፣ ልጅ ስታስመዘግቡ ቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ ስለሚጠይቁ ከዛው ነው የሚመጣው።

የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ረድፍ ለምን ሁሌ ዝቅ ይላል

ይሄኛውን ረጋ ብላችሁ ተከተሉኝ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚህ ይደነግጣል። ኢንግሊሽ ለርነርስ የሚለውን ረድፍ የትም ትምህርት ቤት ብትከፍቱ ውጤቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ጥሩ የሚባለውም ጋ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ፣ ጎበዝ የሆነ ልጅ ከረድፉ ይወጣል። በየአመቱ ከጃንዋሪ ጀምሮ እነዚህ ልጆች ዊዳ አክሰስ የሚባል ፈተና ይፈተናሉ፣ መስማት፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ። ስቴቱ ያስቀመጠውን ደረጃ ያገኘ ልጅ ከኢሶል ይወጣል፣ ከሱ ቦታ ትናንት ከቦሌ የተነሳ አዲስ ልጅ ይገባል። ስለዚህ ረድፉ ሁልጊዜ ገና እየተማሩ ያሉትን ብቻ ነው የሚይዘው፣ የተሳካላቸው ሌላ ረድፍ ውስጥ ገብተው ጠፍተዋል።

ታዲያ ምን ይታያል? ሁለት ነገር። አንደኛው የእንግሊዝኛ እድገት የሚለው መለኪያ ነው፣ በአንድ አመት ውስጥ ማደግ የሚገባቸውን ያህል ያደጉት ምን ያህል እጅ ናቸው የሚለው፣ ሪፖርት ካርዱ ላይ ለብቻው አለ። ሁለተኛው አምስት አመት ሙሉ ኢሶል ውስጥ ቆይተው ያልወጡ ልጆች ቁጥር ነው፣ ህጉ ይሄንንም እንዲያሳውቁ ያዛል። ሪፖርቱ ላይ ካጣችሁት ቀጥታ ጠይቁ፣ "ባለፈው አመት ስንት ልጅ ከኢሶል ወጣ?" በሉ። ጥሩ ትምህርት ቤት ይሄን ጥያቄ ሲሰማ ደስ ይለዋል።

እግረ መንገዴን፣ ብዙ ወላጅ ልጁ ኢሶል እንዳይገባ ብሎ ምዝገባ ላይ "ቤታችን የሚነገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው" ብሎ ይሞላል። አታድርጉት። ልጁ በፈተና ጊዜ የሚያገኘውን ተጨማሪ ሰአትና መዝገበ ቃላት ያጣል፣ ወላጅም በአማርኛ ደብዳቤ አይላክለትም። አገልግሎቱን ካልፈለጋችሁት በኋላ በጽሁፍ እምቢ ማለት መብታችሁ ነው፣ የዊዳ ፈተናውን ግን ልጁ እስኪወጣ ድረስ ይፈተናል።

አማካይ የሚያታልልባቸው ቦታዎች

አልጀብራ 1 ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሜሪላንድ ውስጥ ኤምካፕ ቨርጂኒያ ውስጥ ኤስኦኤል የሚባሉ ፈተናዎች አሉ፣ የሃይስኩሉ የሂሳብ ውጤት ሲታይ አንዳንዴ ያስለቅሳል። ግን በሂሳብ የጎበዙት ልጆች አልጀብራ 1ን ሚድል ስኩል እያሉ ነው ጨርሰው የሚመጡት፣ ውጤታቸውም እዛው ሚድል ስኩሉ ላይ ተመዝግቧል። ሃይስኩል መጥቶ አልጀብራ 1 የሚፈተነው የዘገየው፣ ድጋሚ የሚወስደውና አዲስ የመጣው ልጅ ነው። ስለዚህ የሃይስኩሉን የአልጀብራ 1 ቁጥር አይታችሁ "ይሄ ትምህርት ቤት ሂሳብ አያስተምርም" ብላችሁ እንዳትፈርዱ፣ ይልቅ ካልኩለስ ስንት ክፍል እንደሚያስተምሩ ጠይቁ። ታች ክፍል ያለ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ከዚህ ሌላም ነገር ውሰዱ፣ ልጃችሁ 8ኛ ክፍል ላይ አልጀብራ 1 ካልወሰደ 12ኛ ላይ ካልኩለስ መድረስ ይከብደዋል፣ መንገዱ የሚወሰነው 5ኛና 6ኛ ክፍል ላይ ነው፣ ማንም ቤታችሁ መጥቶ አይነግራችሁም።

ሌላው ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ሞንትጎመሪ ብሌርን ውሰዱ፣ ከ3,000 በላይ ተማሪ ያለው ትልቅ ግቢ ነው፣ ከ1985 ጀምሮ የሳይንስ፣ የሂሳብና የኮምፒውተር ማግኔት ፕሮግራም (ልጆች ተመርጠው የሚገቡበት ልዩ ፕሮግራም) አለው፣ በአገር ደረጃ ስሙ የሚጠራው በሱ ነው። ግን ማግኔቱ በእያንዳንዱ ክፍል ደረጃ ወደ 100 ልጅ ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው፣ የሚገባውም በማመልከቻ ነው። ብሌር አጠገብ ቤት መከራየት ማግኔቱ ውስጥ አያስገባም። ሰው ግን የማግኔቱን ዝና ሰምቶ ይከራያል፣ ልጁ ከገባ በኋላ ነው ሌላ መስመር ላይ እንዳለ የሚያውቀው (የቀረው ብሌርም ብዙ ጥሩ ነገር አለው፣ እሱን አልነቅፍም)።

አሌክሳንድሪያ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይታያል። ከተማው ውስጥ ያለው ፐብሊክ ሃይስኩል አንድ ነው፣ እስከ 2021 ቲሲ ዊልያምስ ይባል የነበረው አሁን አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል የሚባለው፣ ከ4,000 በላይ ተማሪ በተለያየ ካምፓስ። የኦልድ ታውን ሀብታም ልጅም፣ ከአዲስ አበባ ሶስት ወሩ የሆነ ልጅም አንድ ሪፖርት ካርድ ላይ ናቸው፣ አማርኛ ደግሞ ከተማው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከእንግሊዝኛና ከስፓኒሽ ቀጥሎ ከሚነገሩት ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። የአራት ሺህ ልጅ አማካይ ለማን ይሆናል? እዛ ያላችሁ ወላጆች የምትመርጡት ትምህርት ቤት የላችሁም፣ የምትመርጡት ውስጡ ያለውን መስመር ነው፣ ለአዲስ መጪዎች የተቋቋመው ኢንተርናሽናል አካዳሚ ይሻለዋል ወይስ መደበኛው፣ ኤፒ ክላስ (የኮሌጅ ደረጃ ያለው የሃይስኩል ኮርስ) መቼ ይጀምራል፣ በቀን ስንት ክፍለ ጊዜ ኢሶል ነው። ይሄን ከካውንስለሩ (ልጁን ስለ ኮርስና ስለ ኮሌጅ ከሚያማክረው ሰራተኛ) ጋር ተነጋገሩ።

ኤፒ ካነሳሁ፣ ትምህርት ቤቱ ስንት የኤፒ ኮርስ እንዳለው ከመቁጠር ማን እዛ ክፍል ውስጥ እንደሚቀመጥ ማየት ይሻላል። 30 ኤፒ ያለው ትምህርት ቤት ጥቁር ልጆች ግማሽ ሆነው ኤፒ ክፍሉ ውስጥ ግን አንድ ሁለት ብቻ ከታዩ ለልጃችሁ 30ውም የሉም። የፌደራሉ ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል ራይትስ ዳታ የሚባል ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ማን ኤፒ እንደወሰደ፣ ማን ሰስፔንድ እንደተደረገ (ለጊዜው ከትምህርት እንደታገደ) በዘርና በእንግሊዝኛ ችሎታ ለይቶ የሚያሳይ መረጃ ያወጣል፣ ትንሽ ቆየት ያለ አመት ነው የምታገኙት ግን አጠቃላይ መልኩን ያሳያል። ሁለቱን አብራችሁ እዩ፣ ኤፒ ላይ የሌሉት ልጆች ሰስፔንሽን ላይ በብዛት ካሉ ያ ግቢ የኛን ልጅ እንዴት እንደሚያየው መገመት አያስቸግርም።

ምረቃ

ግራጁዌሽን ሬት የሚባለው 9ኛ ክፍል አንድ ላይ ከጀመሩት ውስጥ በአራት አመት ዲፕሎማ የያዙት ስንት እጅ ናቸው ነው። መሀል የገባ ልጅ በገባበት ክፍል ይቀላቀላል፣ በወረቀት ተረጋግጦ ወደሌላ ትምህርት ቤት የሄደ ይቀነሳል። ስለዚህ በ17 አመቱ መጥቶ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ አምስት አመት ፈጅቶ በክብር ቢመረቅ ለአራት አመቱ ቁጥር ያልተመረቀ ነው። ብዙ አዲስ መጪ ያለው ትምህርት ቤት በዚህ ምክንያት ቁጥሩ ይወርዳል፣ የአምስት አመቱን ቁጥር አብራችሁ ካያችሁ ግን ልጆቹን ይዞ እንደሚጨርስ ወይ እንደሚጥል ይለያል።

ቨርጂኒያ ያላችሁ የዲፕሎማውንም አይነት እዩ። ስታንዳርድ 22 ክሬዲት ነው፣ አድቫንስድ ስተዲስ 26፣ በአድቫንስዱ ላይ የውጭ ቋንቋ ይጠየቃል። የኛ ልጆች እዚህ ጋ የማይጠቀሙበት ሀብት አላቸው፣ ፌርፋክስ ካውንቲ አማርኛ የሚያነብና የሚጽፍ ልጅ ተፈትኖ የውጭ ቋንቋ ክሬዲት የሚያገኝበት ፈተና አለው። ልጁ መናገር ብቻ ሳይሆን ፊደሉን መጻፍ ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይ ቅዳሜ የአማርኛ ክፍል ስትወስዱት ትራንስክሪፕቱም ላይ የሚገባ ነገር ነው። ሜሪላንድም ዲሲም ቨርጂኒያም ሲል ኦፍ ባይሊትረሲ የሚባል ዲፕሎማው ላይ የሚደረግ ማህተም አላቸው፣ በአማርኛ ስለማግኘት ካውንስለሩን ጠይቁ።

ቀሪ

ክሮኒክ አብሰንቲዝም ማለት ከትምህርት ቀኑ 10 ፐርሰንት ወይ ከዛ በላይ የቀረ ልጅ ነው። አመቱ 180 ቀን ቢሆን 18 ቀን ማለት ነው፣ ፈቃድ ያለውም የሌለውም አብሮ ይቆጠራል። ይሄን የምጽፈው ትምህርት ቤቱን እንድትመዝኑበት ብቻ አይደለም፣ የኛ ቤተሰብ ሳያውቅ እዚህ ውስጥ ስለሚገባም ነው። ለገና አገር ቤት ሄዶ ጥምቀትን ጎንደር አክብሮ የሚመለስ ቤተሰብ ከእረፍቱ ውጪ ወደ አስራ ሁለት የትምህርት ቀን ያልፈዋል፣ ስቅለት ሲጨመር፣ ጉንፋኑ ሲጨመር፣ የጥርስ ቀጠሮው ሲጨመር 18 ይሞላል፣ ልጁም ሰነፍ ሳይሆን መዝገቡ ላይ "ክሮኒካሊ አብሰንት" ይባላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ በተከታታይ 15 የትምህርት ቀን የቀረ ልጅ ከመዝገብ ይወጣል፣ ስትመለሱ እንደ አዲስ ነው የምታስመዘግቡት። አገሩን ይይ፣ አያቱን ይሳም፣ ግን ሃይስኩል ከገባ ጉዞውን ወደ ጁላይና ኦገስት አዙሩት።

የገቢው ረድፍና ፎርሙ

ኢኮኖሚካሊ ዲስአድቫንቴጅድ የሚለው በአብዛኛው ፉድ ስታምፕ ወይም መሰል እርዳታ የሚያገኝ ቤተሰብ ልጅ፣ ወይም በነጻና በቅናሽ ምሳ ፎርም ያለፈ ልጅ ነው፣ ገቢው ከድህነት መስመሩ 185 ፐርሰንት በታች ከሆነ ቅናሹን፣ ከ130 በታች ከሆነ ሙሉ ነጻውን ያገኛል። ኡበር የሚነዳ፣ ፓርኪንግ የሚሰራ፣ አራት አምስት ልጅ ያለው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ይገባል። ግን አንሞላውም፣ "እኛ ለማኝ አይደለንም" እንላለን። እባካችሁ ሙሉት። ልጁ ምሳውን ከቤት ይዞ ቢሄድም ፎርሙ የኤስኤቲ ክፍያ ያስቀራል፣ የኤፒ ፈተና ያስቀንሳል፣ የኮሌጅ ማመልከቻ ክፍያ ያስቀራል፣ ትምህርት ቤቱ የሚያገኘው የፌደራል ገንዘብም በነዚህ ልጆች ብዛት ነው የሚሰላው። ሚስጥር ነው፣ ልጁ ካፊቴሪያ ውስጥ ከሌላው ተለይቶ አይታወቅም።

ደውላችሁ ጠይቁ

ገጹን ከጨረሳችሁ በኋላ ስልክ ነው የሚቀረው። እንግሊዝኛችሁ ባይመችም ደውሉና "አማሪክ ኢንተርፕሬተር ፕሊስ" በሉ፣ ከዛ ስልኩን ሳትዘጉ ጠብቁ፣ ሶስተኛ ሰው መስመር ላይ ይገባል። ይሄ ውለታ አይደለም፣ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በ1964ቱ የሲቪል ራይትስ ህግ መሰረት ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ አለበት። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ዋና ዋና ማስታወቂያዎቹን በአማርኛ ያወጣል፣ ዲሲም ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ህግ አለው፣ አማርኛ ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፣ በተለይ ስለራሱ ውጤት፣ እሱ ላይ ትልቅ ሸክም ነው፣ የማይመቸውን ደግሞ ይዘለዋል።

ስትደውሉ ከካውንስለሩ የምትፈልጉት ይሄ ነው፣ አንድ ካውንስለር ስንት ተማሪ እንደያዘ፣ ከኢሶል የወጣ ልጅ ኦነርስና ኤፒ ለመግባት ማን እንደሚወስንለት፣ ከሰአት በኋላ የቤት ስራ እርዳታ መኖሩንና ከዛ በኋላ አውቶብስ መኖሩን (አውቶብስ ከሌለ እርዳታው ለኛ ልጆች የለም ማለት ነው፣ ሁላችንም በዛ ሰአት ስራ ላይ ነን)። ኮሌጅ የሚገቡት ልጆች ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቁ፣ ሜሪላንድ ከሆናችሁ ደግሞ ሃይስኩል እያለ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስ በነጻ ለመውሰድ ልጁ ምን ማሟላት እንዳለበት ጠይቁ። ልጁ አስቀድሞ እዛው የሚማር ከሆነ መዝገቡን በሙሉ የማየት መብት አላችሁ፣ በጽሁፍ ከጠየቃችሁ ህጉ የሰጣቸው ቢበዛ 45 ቀን ነው።

ቤቱን ከመፈረማችሁ በፊት አድራሻውን ዲስትሪክቱ ሳይት ላይ አስገብታችሁ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚደርሰው እዩ፣ የመንገዱ ማዶና ማዶ የተለያየ ሊሆን ይችላል፣ ድንበሩም ይቀየራል። "በሚቀጥሉት ሁለት አመታት ለዚህ አድራሻ የሚቀየር ነገር አለ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ አከራዩን ሳይሆን ዲስትሪክቱን።

አዲስ ለሚመጡ

ልጅ ከአገር ቤት የምታስመጡ፣ ወረቀቱን እዛው እያላችሁ ጨርሱ። የ9ኛ፣ የ10ኛ፣ የ11ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ማህተም ያለበት፣ የትምህርት አይነቱና ውጤቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት፣ የክትባት ካርድ፣ የልደት ሰርተፊኬት። ትራንስክሪፕት ካለው ሂሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ አማርኛውም ጭምር ወደ ክሬዲት ሊቀየርለት ይችላል፣ ከሌለው ግን 17 አመቱም ቢሆን ከ9ኛ ክፍል ሊያስጀምሩት ይችላሉ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ይሄን የሚሰራው ኢንተርናሽናል አድሚሽንስ ኤንድ ኢንሮልመንት የሚባል ቢሮ ነው፣ ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። ወረቀት የለውም ብላችሁ ግን ቤት እንዳታስቀምጡት፣ የኢሚግሬሽን ወረቀትም ቢሆን፣ በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወረቀት የሌለውን ልጅ ከፐብሊክ ትምህርት ቤት መከልከል አይቻልም ብሎ ወስኗል፣ ሲመዘገብም ስለሱ አይጠየቅም።

"እድሜው አልፏል፣ አዋቂዎች ትምህርት ቤት ውሰዱት" የሚላችሁ ሰው ቢኖር ዝም ብላችሁ አትመለሱ። ሜሪላንድ ልጅ 21 እስኪሞላው በነጻ ይማራል። ቨርጂኒያ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነና ከ12 አመቱ በኋላ እዛ ትምህርት ለጀመረ ልጅ ዲስትሪክቶቹ እስከ 22 በነጻ መቀበል እንዲችሉ ህጉ ይፈቅዳል። መልሱን በጽሁፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁና የሰጣችሁን ሰው ስም ያዙ፣ ከዛ ዲስትሪክቱ ቢሮ ደውሉ።